አፍንጫ ላይ ፊለር ማስደረግ፦ በትክክል ሲሠራ ምን ይመስላል?

የዴይራዋ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ዱባይ ነው። አፍንጫዬ መሀሉ ላይ ጉብታ አለው። ፊት ለፊት ብዙም አይታይም፤ ከጎን ፎቶ ስነሳ ግን ዓይኔ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ኦፕራሲዮን አልፈልግም፤ ፊለር የሚሉት፣ በመርፌ ቆዳ ሥር ገብቶ ጎድጎድ ያለውን የሚሞላ ጄል ግን አለ። እዚህ ያሉ ክሊኒኮች ኢንስታግራም ላይ «ያለ ቢላ፣ በ15 ደቂቃ አዲስ አፍንጫ» እያሉ ቅናሽ ይለጥፋሉ። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች አስደርገው አምሮባቸዋል።

በቅርቡ ግን አፍንጫዋ ላይ ተወግታ አንድ ዓይኗ ስለጠፋ ሴት የሚያወራ ቪዲዮ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላርፍ አለ። «አድርጊ» ወይም «ተይው» የሚል መልስ ብቻ አልፈልግም። ሥራው በትክክል ሲሠራ ምን ይመስላል? መርፌው የት ነው የሚገባው? ፊለሩ ምን ዓይነት ነው? ሐኪሙን ምን ብዬ ልጠይቀው? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ። ብዙዎቻችን የምናየው ማስታወቂያውን ብቻ ነው።

ቀበና

እኔም ይሄው ጥያቄ አለኝ። አዲስ አበባም እየተለመደ ነው። ዶክተር ካለ ይምጣልን።

ቆዳ ሐኪም

እህቴ፣ አጠያየቅሽ ደስ ይላል። የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ ፊለር እሠራለሁ። ከፊት ሁሉ በጣም የምጠነቀቀው አፍንጫ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ከገባሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል፤ ስለዚህ ከደም ሥሩ ልጀምር።

አፍንጫ ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ከታች ከጉንጭ በኩል የፊት ደም ቅዳ ይመጣል። ከላይ ደግሞ ከዓይን ጉድጓድ ወጥቶ ወደ አፍንጫ የሚወርድ ደም ቅዳ አለ። ሁለቱ አፍንጫው ላይ ይገናኛሉ። ከላይ የሚወርደው ሥር ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን የሚቀበል ንጣፍ፣ ከሚመግበው ቀጭን ሥር ጋር አንድ ግንድ አለው። አሁን መርፌው ሳይታወቅ አፍንጫ ላይ ካለ ሥር ውስጥ ገባ እንበል። ሐኪሙ በኃይል ሲገፋ ግፊቱ ከደሙ ግፊት ይበልጥና ጄሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይን ይሄዳል። እጁን ሲያላላ ደሙ እንደገና ይፈስና ጄሉን ይዞ ሬቲናው ሥር ውስጥ ይከተዋል። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል።

ካናዳዊቷ የቆዳ ሐኪም ኬቲ ቤሌዝናይና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዓለም ዙሪያ የተዘገቡ፣ ከፊለር ጋር የተያያዙ 98 የዓይን ጉዳቶችን ሰበሰቡ። በ2019 ደግሞ 48 አዳዲስ ጉዳቶችን ዘገቡ። ከ48ቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 56 በመቶ ያህሉ፣ አፍንጫቸው ላይ የተወጉ ነበሩ። በዓለም ላይ ከሚወጋው ፊለር ብዛት አንጻር አደጋው ብርቅ ነው። ሲደርስ ግን የጠፋው ዓይን የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ለዚህ ነው በ15 ደቂቃ የሚለው ማስታወቂያ የሚያሳስበኝ። መርፌው ራሱ 15 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ከመርፌው በፊት ያለው ምርመራና ንግግር ግን በዚያ ውስጥ አይገባም።

ወደ አሠራሩ ልምጣ። ዋና ዋናዎቹ ሥሮች የሚሄዱት ከቆዳው ሥር ባለው የስብና የጡንቻ ንጣፍ ውስጥ ነው። ከዚያ በታች፣ አጥንቱንና ለስላሳውን አጥንት ታክኮ ያለው ቦታ የደም ሥር የሚያንስበት ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ሁለት ነገር አይለቅም። አንደኛ ጥልቀት፦ መርፌው አጥንቱን እስኪነካ ይወርዳል። ሁለተኛ መሀል መስመር፦ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይወጣም፤ ትልልቆቹ ሥሮች ብዙውን ጊዜ በጎንና በጎን ነውና የሚወርዱት። «ብዙውን ጊዜ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ መሀሉን አቋርጦ የሚያልፍ ሥር አለ። በዚህ ምክንያት አሁን አሁን በአልትራሳውንድ ቀድመው ሥሮቹን አይተው የሚወጉ ሐኪሞች እየበዙ ነው። ካገኘሽ እንዲህ ያለውን ምረጪ።

መጠኑ ትንሽ ነው። በአንድ ቦታ ከ0.1 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። በጠቅላላው ለአንድ አፍንጫ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከ1 ሚሊ ሊትር ማለፍ አልወድም። አገፋፉ በጣም ዝግ ያለ ነው። ትንሽ ይገፋል፣ ይቆማል፣ የቆዳውን ቀለም ያያል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሌላው እጁም ሥራ ላይ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አፍንጫውን ከግራና ከቀኝ ይይዛል። እንዲህ ሲያደርግ ጄሉ ወደ ጎን አይሸሽም፤ የጎኖቹም ሥሮች ይጨመቃሉ።

ለአንቺ ጉብታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከጉብታው በላይ፣ ከቅንድብ ወረድ ብሎ ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ትንሽ ይሞላል። ከጉብታው በታች፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ ያለውም እንዲሁ። መስመሩ ቀጥ ሲል ጉብታው ይደበቃል። አይቀነስም፣ አይጠፋም፤ እንዲያውም አፍንጫው በጥቂቱ ይተልቃል። ሰፊ የአፍንጫ ቀዳዳ ለማጥበብ ወይም ትልቅ አፍንጫ ለማሳነስ ፊለር የሚያደርገው ነገር የለም። ያንን የሚላችሁ ካለ ሥራውን አያውቀውም።

ፊለሩ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ማለትም ሰውነታችን ውስጥም ካለ ንጥረ ነገር የሚሠራው ጄል፣ ይሁን። አፍንጫ ላይ ከእሱ ሌላ አልቀበልም። ጠንከር ያለው፣ ተሸክሞ የሚቆመውና ውሃ ብዙ የማይስበው ዓይነት ይመረጣል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የምልበት ምክንያት አንድ ነው፦ የሚያሟሟው መድኃኒት አለ። ስሙ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል። የካልሲየም ፊለርን ወይም ሲሊኮንን እንዲህ የሚያሟሟ የለም። ማሟሟቻው ክፍሉ ውስጥ፣ ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ቦታ ላይ ከሌለ አፍንጫሽን አታስነኪ።

ነርስ በሜሪላንድ

ዶክተር እግዜር ይስጥልን። ከአሜሪካ በኩል ልጨምር። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ ለአፍንጫ ብሎ የፈቀደው ፊለር እስካሁን የለም። ለከንፈር፣ ለጉንጭ፣ ለአገጭና ለመሳሰሉት ነው የፈቀደው። ሐኪም በራሱ ውሳኔ አፍንጫ ላይ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሕገወጥ አይደለም። ግን ይህ ለታካሚው በግልጽ መነገር አለበት። የምትፈርሙበት ወረቀት ላይ ካላያችሁት ጠይቁ። ያው መሥሪያ ቤት ፊለር በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ዓይነ ስውርነትና ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2015 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

እኛ ጋ ሜድስፓ የሚባሉት የውበት ሕክምና ቤቶች በየገበያ ማዕከሉ አሉ። ሐኪሙ ስሙ በር ላይ ተለጥፎ፣ እሱ ግን ሌላ ከተማ የሆነበት አለ። «ዶክተሩ ማነው?» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። «እኔ ስወጋ እዚህ ይኖራል ወይ?» በሉ።

ዶክተርን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከመርፌ ይልቅ ካኑላ የሚባለው ቀጭን ቱቦ አይሻልም? እኛ ጋ ጫፉ ዱልዱም ስለሆነ ሥር አይበሳም ይላሉ።

ቆዳ ሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሞችም አንድ ላይ አንስማማበትም። ካኑላ ጫፉ ዱልዱም ስለሆነ ሥር ሲያጋጥመው ገፋ አድርጎ የማለፍ ዕድል አለው። ይህ የሚሠራው ግን ወፍራም ሲሆን ነው። 25 ቁጥር ወይም 22 ቁጥር ጥሩ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። 27 ቁጥር ካኑላ በአስከሬን ላይ በተደረገ ሙከራ ሥር ለመብሳት የጠየቀው ጉልበት ከመርፌ ጋር ተቀራራቢ ሆኗል። ቀጭን ካኑላ ይዞ «አልበሳም» ብሎ መተማመን ልክ አይደለም። መርፌ ደግሞ ጥልቀቱ ላይ እርግጠኛ ያደርጋል፤ አጥንቱን ስትነኪ ታውቂዋለሽ። እኔ ለመሀሉ አጥንት ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ለጫፉ ግን መጠኑን በጣም ነው የማሳንሰው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አልወጋም። የጫፉ ቆዳ ጥብቅ ነው፤ ደም የሚያመጡለትም ጥቃቅን ሥሮች ናቸው። ሥር ውስጥ ባይገባ እንኳ ጄሉ ከውጭ ተጭኖ ደሙን ሊዘጋ ይችላል።

ሳሚ ቦሌ

የእኔ ሐኪም ሁልጊዜ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስቦ ደም መጣ አልመጣ ያያል። ደም ካልመጣ ሥር ውስጥ አይደለም ማለት ነው። እንዲህ ከተደረገ ምን አደጋ አለው?

ቆዳ ሐኪም

ወንድሜ፣ ሐኪምህ ጥሩ ልማድ አለው፤ ይቀጥልበት። ደም ከመጣ መርፌው ወዲያው ይወጣል፤ ያ ግልጽ ነው። ደም አለመምጣቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም። መርፌው በወፍራም ጄል የተሞላ ነው፤ ደሙ በዚያ ውስጥ አልፎ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ለሰኮንድ ያህል ሳብ አድርጎ መተው አይበቃም፤ 5 እስከ 10 ሰኮንድ መያዝ ይሻላል። ሥሩም ቀጭን ነው፤ ሲሳብ ግድግዳው ተጣብቆ ደም ላይሰጥ ይችላል። ከዚያ ሐኪሙ መግፋት ሲጀምር እጁ በሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ጫፉ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ መሳብ ከብዙ ጥንቃቄዎች አንዱ ነው። ጥልቀቱን፣ መሀል መስመሩን፣ ዝግታውንና ትንሽ መጠኑን አይተካም።

እማማ ከደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ሁሉንም አነበብኩት። እኔ ሕክምናውን አላውቅም። አፍንጫሽን ግን ከአባትሽ ወይም ከአያትሽ ነው ያገኘሽው። እግዚአብሔር የሰጠሽን መልክ ለምን ትከስሻለሽ? ዓይንሽ ይበልጥብሻል። እንደ እናት ነው የምናገረው፤ አትቀየሚኝ።

የዴይራዋ ልጅ

እማማ፣ ኧረ በፍጹም አልቀየምም። የአባቴ አፍንጫ ነው፤ እሱ ላይ ያምር ነበር። ነገሩ ልጅ ሆኜ በጉብታው ብዙ ተሹፎብኛል። ሰው እንዲያየኝ ብዬ ሳይሆን ፎቶ ስነሳ ፊቴን ማዞር እንድተው ነው። ምክርዎን ግን ልቤ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ቆዳ ሐኪም

እማማ ያሉት ከሕክምናው ውጭ አይደለም። ሰው ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለምን?» ብዬ ነው። ትዳሬን ያስተካክልልኛል፣ ሥራ ያስገኝልኛል ብሎ ለሚመጣ አልሠራም። ሌላው ሰው የማያየውን ጉድለት ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ለሚፈልግ ሰውም አልሠራም፤ እሱ የሚያስፈልገው ሌላ እርዳታ ነው። አንቺ ያልሽው ምክንያት ግን ጤነኛ ምክንያት ነው።

ከጅዳ

እኔ የማውቀውን ልጻፍ፤ ለሌላው ትምህርት ከሆነ። የአክስቴ ልጅ ናት። አንዲት ሴት አፓርታማ ድረስ እየመጣች ትወጋ ነበር፤ ርካሽ ነው ተብሎ ብዙ የአገራችን ልጆች አስደረጉ። ልጅቷ ስትወጋ በጣም አመማት። የአፍንጫዋ ጫፍ ነጣ፤ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ሴትየዋ «ልማድ ነው፣ በረዶ ያዥበት» አለቻት። በሦስተኛው ቀን ብጉር የሚመስል መግል ያለው ነገር ወጣባት። ፋርማሲ ሄዳ የብጉር ቅባት ሰጧት። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ቆዳዋ ሞቷል። አሁን ጫፉ ላይ ጠባሳ አለ፤ ቅርጹም ጎድሏል። የተወጋችው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ካርቶኑን አላየችውም። ሴትየዋ ስልኳን አጥፍታ ጠፋች።

እባካችሁ ቤት ድረስ ለሚመጣ ሰው ፊታችሁን አትስጡ። ከገንዘቡም ከጊዜውም ይልቅ የሚያንገበግበኝ በመጀመሪያው ሰዓት የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር የሚለው ነው።

ቆዳ ሐኪም

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ለአክስትሽ ልጅ በጣም አዝኛለሁ። የጻፍሽው ሥር ሲዘጋ የሚሆነው ራሱ ነው፤ ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ነው። ሁላችሁም እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ከዚህ ውይይት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የመጀመሪያው ምልክት ቀለም ነው። ቆዳው ይነጣል። ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ መረብ የመሰለ ሐምራዊ ጥላ ይታያል። ቀጥሎ ይጠቁራል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን መግል የያዙ ጥቃቅን ብጉሮች ይወጣሉ፤ ብዙ ሰው ኢንፌክሽን ነው ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቆዳው ይሞታል። ሕመም ሊኖር ይችላል። ግን ብዙ ፊለሮች ውስጥ ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ አለ። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም።

መጻሕፍቱ ላይ ያሉት ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። በእኛ ቆዳ ላይ መንጣቱ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው፤ መረቡም ግራጫ ሊመስል ይችላል። ቀለሙን ብቻ ማየት አይበቃም። ቦታውን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው። ደሙ በሁለት፣ በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ተመልሶ ቆዳው ወደ ቀድሞው መምጣት አለበት። ከዘገየ፣ ከጉንጭ ወይም ከግንባር ጋር አስተያዩት። በጥሩ ብርሃን፣ ሜካፕ በደንብ ተጠርጎ ነው የሚታየው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ውስጡንም ማየት ይጠቅማል። የጠቆረ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች አዘውትሮ የሚያክም ሐኪም ምረጡ የምለው ለዚህ ነው።

ከተጠረጠረ መወጋቱ ወዲያው ይቆማል። በረዶ አይደረግም፤ በረዶ ሥሩን ያጠብበዋል። ለብ ያለ ጨርቅ ይደረጋል፣ ቦታው ይታሻል፣ ሃያሉሮኒዴዝ በብዛት ይወጋል። ካናዳዊው ሐኪም ክላውዲዮ ዴሎሬንዚ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመውና ዛሬ ብዙዎቻችን የምንከተለው መንገድ፣ ለአፍንጫ ያህል ቦታ በየሰዓቱ ወደ 500 ዩኒት ደጋግሞ መስጠት ነው። የተጎዳው ቦታ ሰፋ ሲል መጠኑም ይጨምራል። የሚቆመው ደሙ ሲመለስ ነው። ብዙ ቦታ ያለው ብልቃጥ 1500 ዩኒት የሚይዝ ነው። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ይዞ «አለኝ» የሚል ክሊኒክ በቂ የለውም። ስንት ብልቃጥ እንዳለና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ፍሪጁን ከፍቶ ያሳያችኋል።

ዓይን ከሆነ ነገሩ በደቂቃ ነው። በድንገት ማየት መጥፋት፣ የዓይን ሕመም፣ የዓይን ሽፋን መውደቅ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ ከነዚህ ጋር ማስመለስ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ «ልተኛና ይሻለኛል» ብሎ ነገር የለም። በየትምህርቱ 90 ደቂቃ የሚል ቁጥር ይጠቀሳል። እኔ በዚያ አልተማመንም፤ ሬቲና ከዚያ ባነሰ ጊዜም ይጎዳል። ክሊኒኩ እንዲህ ቢሆን የት የዓይን ሐኪም ዘንድ እንደሚወስዳችሁ ከመወጋታችሁ በፊት ያውቅ። አዲስ አበባ ለምሳሌ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። የክሊኒኩ ሰው ይህን ሲጠየቅ ከተደናገጠ መልሳችሁ ያ ነው።

ቀበና

ዶክተር፣ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ ብቻ እንኳ ይበቃናል። ቴሌግራም ላይ አጋርቼዋለሁ።

ካምቦሎጆ

እኔ ወንድ ነኝ፤ አይገርማችሁ። ልጅ ሆኜ ኳስ ስጫወት ክርን መታኝና አፍንጫዬ ተሰበረ። ኋላ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። አሁን በአንድ ጎን ሰርጎድ ብሏል፤ በዚያው በኩልም አየር በደንብ አይገባም። ፊለር ያስተካክለዋል ተባልኩ።

ቆዳ ሐኪም

ወንድሜ፣ አይገርምም፤ ብዙ ወንዶች ይመጣሉ። ያንተ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አየሩን ፊለር አይከፍተውም። ለእሱ የአንገት በላይ ሐኪም ውስጡን ይይልህ።

ስርጉዱ ላይ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ትልቅ ጉዳይ ነው። አፍንጫ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሥሮቹ ድሮ በነበሩበት አይሄዱም። ሥር የሚያንሰው ያልኩት ጥልቅ ቦታም በጠባሳ ይያያዛል። ጠባሳ ጄል ሲገባበት አይለጠጥም፤ ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል። የቆዳ መሞት በብዛት የሚፈራው እንዲህ ባለ አፍንጫ ላይ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እያዩ፣ ጠብታ ጠብታ እያደረጉ ይሠሩታል። እኔ አልሠራም፤ ቀዶ ሕክምና ለሚያውቅ ሰው እልካለሁ። «ምንም አይደል፣ አሁኑኑ ልውጋህ» ካለህ ሰው ራቅ።

ማርታ ማርያም

ቲክቶክ ላይ ያለ መርፌ የሚረጭ ብዕር የሚመስል ነገር አየሁ። መርፌ ከሌለው ሥርም አይበሳም አይደል? ቤት ውስጥ ራስን ማድረግም ይቻላል ይላሉ።

ነርስ በሜሪላንድ

እህቴ፣ እባክሽ እንዳትሞክሪው። ያ ብዕር ጄሉን በከፍተኛ ግፊት ነው ቆዳ ውስጥ የሚረጨው። ጥልቀቱን የሚቆጣጠር ሰው የለም፤ ቅድም ዶክተር አጥንቱን ይንካ ያሉት ነገር ጭራሽ አይሞከርም። ኤፍዲኤ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሕዝብም ባለሙያም እንዳይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 አስጠንቅቋል። በኢንተርኔት አብሮ የሚሸጠው ጄልም ምን እንደሆነ አይታወቅም።

አራዳ ታሪክ ወዳጅ

ታሪክ ለምትወዱ ልጨምር። አፍንጫን በመርፌ የማስተካከል ሐሳብ የዛሬ አይደለም። የዛሬ 120 ዓመት ገደማ አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች ፓራፊን፣ ማለትም ሰም፣ አቅልጠው ይወጉ ነበር። በውበቷ ስሟ የገነነው አሜሪካዊት ግላዲስ ዲከን የግሪክ ሐውልት የመሰለ ቀጥ ያለ አፍንጫ ፈልጋ ሰም አስወጋች። ሰሙ ከቦታው ተንሸራቶ ወደ አገጯ ወረደና ፊቷን አበላሸው። ኋላ የማርልቦሮ ዱክ ሚስት ሆነች፤ ፊቷ ግን አልተመለሰም። በዚያ ዘመን ሰም የሚያወጣ መድኃኒት አልነበረም።

ቆዳ ሐኪም

በደንብ አመጣኸው። ሲሊኮን ዛሬም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይቋጠራል፣ ቦታ ይቀይራል። ዛሬም በሃያሉሮኒክ አሲድ ስም ሲሊኮን የሚወጉ አሉ። ስለዚህ ካርቶኑ ፊታችሁ ይከፈት። ሲሪንጁ ከታሸገ ፓኬት ሲወጣ እዩ። ቁጥር ያለው ተለጣፊ ወረቀት አብሮ አለ። አንዱ ካርዳችሁ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱን ፎቶ አንሡት። ነገ ሌላ አገር ሆናችሁ ችግር ቢመጣ ሐኪሙ የተወጋችሁትን ካላወቀ ምን እንደሚያሟሟ አያውቅም።

የዴይራዋ ልጅ

ቤተሰብ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁልኝን ይዤ ክሊኒኮች ደወልኩ። ቅናሽ የሚለጥፈው ክሊኒክ ስለ ሃያሉሮኒዴዝ ስጠይቅ «ካስፈለገ እናዛለን» አሉኝ። እሱን ሰረዝኩት። ሌላው ጋ ሐኪሟ ራሷ ስልክ አነሳች። የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃዷን እንድፈትሽ ቁጥሯን ሰጠችኝ። አልትራሳውንድ አላት። ምክክሩ አንድ ቀን፣ መርፌው ሌላ ቀን ነው ብላኛለች። ለምክክሩ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከዚያ እወስናለሁ።

ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ልመጣ ነው፤ በማግሥቱ ብበር ችግር አለው? መነጽር አደርጋለሁ። ደግሞ ልጅ ሆኜ ንብ ነድፋኝ ፊቴ በሙሉ አብጦ ሐኪም ቤት ተወስጃለሁ፤ ልንገራት?

ቆዳ ሐኪም

ከመጨረሻው ልጀምር፤ በጣም አስፈላጊው እሱ ነውና። አዎ፣ በምክክሩ ዕለት ንገሪያት። በንብ መርዝ ውስጥ ሃያሉሮኒዴዝ አለ። ንብ ስትነድፈው በኃይል የሚያብጥ ሰው ማሟሟቻው ሲሰጠው ብርቱ አለርጂ ሊነሳበት ይችላል። በጭንቅ ጊዜ የቆዳ ሙከራ ለማድረግ ፋታ የለም። ስለዚህ ሐኪሟ ቀድማ ታስብበት፤ የአለርጂ ሐኪም እንዲያይሽም ልታደርግ ትችላለች። በዚህ ምክንያት «ላንቺ አልሠራም» ካለችሽም ትክክል ናት፤ ሌላ የሚሠራ አትፈልጊ።

በማግሥቱ አትብረሪ። አውሮፕላኑ አይደለም ችግሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የወጋችሽ ሐኪም በቅርብ እንድትደርስልሽ ነው። የምትተኚበት ሌሊት የሚደወልበትን ስልክ ያዢ፤ የእንግዳ መቀበያውን ሳይሆን የሐኪሟን። ለፋሲካ መምጣትሽ ካልቀረ መርፌውን ስትመለሺ አድርጊው። የጥርስ ሕክምና ካለብሽም ሁለቱን በሳምንታት አራርቂያቸው፤ ከአፍ የሚነሳ ባክቴሪያ ጄሉ ላይ እንዳይሰፍር።

መነጽሩ ለሁለት ሳምንት ያህል አፍንጫሽ ላይ ባይጫን ይሻላል፤ ጄሉ ገና ሳይረጋ ቅርጹን ሊጫነው ይችላል። ኮንታክት ሌንስ ካለሽ እሱን ተጠቀሚ። በነዚያ ቀናት አፍንጫሽን አትሺ፣ በደረትሽ አትተኚ፣ ሳውና አትግቢ። እብጠቱና መበለዙ በሳምንት ገደማ ይወርዳል፤ ቅርጹን ከዚያ በፊት አትፍረጂው። «ትንሽ ጨምሪልኝ» የሚል ስሜት ከመጣብሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። በየጊዜው እየጨመሩ የሄዱ ሰዎች አፍንጫቸው ከላይ ሰፍቶ ከግንባራቸው ጋር አንድ ይሆናል።

ውጤቱ እንደ ሰውነቱና እንደ ጄሉ ከ6 እስከ 18 ወር ይቆያል። አንድ ቀን ኦፕራሲዮን ብትወስኚ ለቀዶ ሐኪሙ ፊለር እንዳለሽ ንገሪው፤ መጀመሪያ ይሟሟል፣ ከዚያ ይጠበቃል።

የዴይራዋ ልጅ

የንቡን ነገር ባልጠይቅ ኖሮ ለሐኪሟ አልነግራትም ነበር። ዛሬውኑ መልእክት እልክላታለሁ። የአለርጂ ሐኪሙ የሚለውን እዚሁ እጽፋለሁ።